የቀን መቀየሪያ አፑን በ1262 ዓ.ም. ፈተንኩት

አፄ ይኩኖ አምላክ መቼ ነገሡ ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ሰው «በ1270 ዓ.ም.» ይላችኋል። 1270 የፈረንጆቹ ነው፣ በእኛ 1262 ነው! ይሄ ነገር ሁሌም ያበሳጨኛል። ስለዚህ ስልኬ ላይ አዲስ የቀን መቀየሪያ አፕ ስጭን መጀመሪያ ያስገባሁት የዛሬን ቀን ሳይሆን መስከረም 1 ቀን 1262ን ነው።

ሐሙስ አለኝ። እስኪ እንይ ብዬ ወረቀት አውጥቼ በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ስሌት፣ አሰላሁት። 5500 ሲደመር 1262፣ 6762 ዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት የተቆጠረ ዓመት። ለ4 ሲካፈል ድርሻው (መጠነ ራብዒቱ) 1690 ሆኖ 2 ይተርፋል፣ ከአራቱ ወንጌላውያን የሁለተኛው ዓመት፣ ዘመነ ማርቆስ። 6762 እና 1690 ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ ደግሞ 3 ይተርፋል፤ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያለ ስለሚሄድ እሱም ሐሙስ። ልክ ነው! በጣም ደስ አለኝ።

የሂጅራውንም ጎን ለጎን ያሳያል። የ668 ሙሐረም 1፣ የሂጅራው አዲስ ዓመት፣ የዋለው መስከረም 3 ላይ ነው፤ ሁለቱ ዓመቶች ተከታትለው ገቡ ማለት ነው። የሂጅራው ዓመት ግን በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር የእኛው ሳያልቅ ነሐሴ 27 ላይ 669 ገባ። የአይሁዱም አለ፣ 5030።

አፑ የወደቀው ፈረንጁ ላይ ነው። መስከረም 1ን ሴፕቴምበር 5 ቀን 1269 ይለዋል። ያኔ እኮ የጎርጎርዮስ ካላንደር ገና አልተፈጠረም፣ የመጣው በ1582 ነው! የዚያን ዘመን አውሮፓዊ ከጎርጎርዮስ በፊት በነበረው በዩሊያን ካላንደር ስለሚቆጥር ያው ሐሙስ ለእሱ ኦገስት 29 ነበር። የ7 ቀን ልዩነት ነው፣ አፑ ግን በአንድ መስመር እንኳን አያስጠነቅቅም። የድሮ ዜና መዋዕል ይዞ ቀን የሚያመሳክር ሰው ሳያውቀው ይሳሳታል።

የግብፅ ክርስቲያኖች የሚቆጥሩበት ዓመተ ሰማዕታትም ቀርቷል። ግብፆቹ ያን ዓመት 986 ይሉታል፣ በእኛም ብራናዎች ላይ ይገኛል። የቁስጥንጥንያው (የቢዛንታይኖቹ) አቆጣጠርም የለም። እነሱም እንደኛ ከዓለም ፍጥረት ነው የሚቆጥሩት፤ ግን ያን ዓመት 6778 ላይ ነበሩ፣ ከእኛ በ16 ይቀድማሉ።

ለልደት ቀንና ለቪዛ ፎርም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተጠቀሙበት፣ ፈጣን ነው፣ አማርኛውም ጥሩ ነው። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። በይኩኖ አምላክ ዘመን ላለ ቀን ግን ፈረንጁ ላይ 7 ቀን ቀንሱ። ለሠሪዎቹም ጽፌላቸዋለሁ፦ እባካችሁ፣ «ዩሊያን» የምትል አንዲት ምርጫ ጨምሩልን።