ቲክ ቲክ የሚለው ቫልቩ ነው ወይስ ማኒፎልዱ?

ያገለገለ ራቭፎር ገዝታችሁ ሞተሩ ቲክ ቲክ ካለ፣ «ሞተር ይውረድ» ለሚል መካኒክ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍታችሁ የዘይቱን ልክ እዩ። ጎድሎ ከሆነ ሞልታችሁ እንደገና አድምጡ።

ድምፁ ከላይ፣ ከቫልቭ ክዳኑ ስር ከመጣና ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ ቫልቭ (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባና ጭሱን የሚያስወጣ፣ የሚከፈትና የሚዘጋ በር) እጠረጥራለሁ። 2ኤዜድ በሚባለው የራቭፎር ሞተር ላይ የቫልቭ ክፍተት በራሱ አይስተካከልም። መካኒኩ በፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች) ለክቶ ልኩ የሚስማማ ታፔት (ቫልቩን የሚገፋው ትንሽ ብረት) መግጠም አለበት። ሥራው ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል። ሳይለካ የሚፈታ ሰው ባይነካው ይሻላል።

የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ (ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ የሚያወጣው ቱቦ) ሲያፈስም ድምፁ ይመሳሰላል። እሱ ግን ቀዝቃዛ ሳለ ይበረታል፤ ብረቱ ሞቆ ሲሰፋ ይቀንሳል። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡት ይጎላል። መጋጠሚያው ላይ ጥላሸት ካያችሁ ጥርጣሬው ወደዚህ ያደላል። ብዙ ጊዜ ጋስኬት (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) መቀየር ይበቃዋል። ጭሱ መኪናው ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ግን አታቆዩት።