ካኖን ሌግሪያ ኤችኤፍ ጂ10፦ ከወራት ሥራ በኋላ፣ ከሐዋሳ

በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣች ቪዲዮ ካሜራ ናት፤ 4ኬ የላትም። አሁንም ከእጅ የማትወርደው ሴንሰሯ 1/3 ኢንች ሆኖ ፒክስሎቹ ከ1920 በ1080 ምስል ጋር ልክ ለልክ ስለሚገጥሙ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ አብዛኞቹ ፎቶ ካሜራዎች ቪዲዮ ሲቀዱ የሴንሰሩን መስመሮች እየዘለሉ ስለሚያነቡ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲቀረጽ በላዩ ላይ ቀስተ ደመና ይሠራሉ። በዚህች ላይ ይህ ጣጣ እምብዛም አይታይም።

ዋናው ነገር ፒኤፍ25 የሚባለው ምርጫ ነው። በሴኮንድ 25 ሙሉ ፍሬም ታነሳለች፣ ከዚያ እያንዳንዱን ለሁለት ፊልድ (መስመር እየዘለለ የሚይዝ ግማሽ ምስል) ከፍላ ፋይሉ ላይ «50አይ»፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ፊልድ፣ ብላ ትጽፋለች። ሁለቱ ፊልዶች የተነሱት በአንድ ቅጽበት ስለሆነ ምስሉ እውነተኛ ፕሮግሬሲቭ (በአንዴ የተነሳ ሙሉ ምስል) ነው። ሶፍትዌሩ ግን ጽሑፉን አምኖ ዲኢንተርሌስ ያደርገዋል፣ ማለትም ፊልዶቹን ነጣጥሎ የጎደሉትን መስመሮች በግምት ይሞላል፤ ያን ጊዜ ከ1080 መስመር ግማሹ ይጠፋል። «ይህች ካሜራ ትደበዝዛለች» የሚባለው ሐሜት አብዛኛው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

መፍትሔው ደቂቃ አይወስድም። ፕሪሚየር (የኤዲቲንግ ሶፍትዌር) ላይ ክሊፑን በቀኝ ተጫኑ፣ ሞዲፋይ፣ ኢንተርፕሬት ፉቴጅ፣ ከዚያ ኖ ፊልድስ። ክሊፖቹ የሚደረደሩበት ሲኩዌንሱም 25 ፍሬምና ኖ ፊልድስ ይሁን። ቪኤልሲ ማጫወቻ ላይ ስታዩ ዲኢንተርሌስን አጥፉ፤ ቪዲዮ በሚቀይረው ሃንድብሬክ ላይም እንዲሁ። ለማረጋገጥ የሚራመድ ሰው ያለበትን ፍሬም አቁማችሁ በ100 ፐርሰንት እዩት። የእግሩ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ካወጣ የተቀዳው በፒኤፍ25 ሳይሆን ሁለቱን ፊልዶች በተለያየ ቅጽበት በሚያነሳው በ50አይ ነው። አንዳንዴ የጥርስ ምልክት በጥለት ቀይ ጠርዝ ላይ ብቻ ይታያል፤ ያ ቀለሙ በየፊልዱ ተነጥሎ ስለሚቀመጥ የሚመጣ ነው፣ ሲኩዌንሱን በማስተካከል አይጠፋም።

50አይን ግን አትናቁት። ጉዱማሌ አደባባይ ላይ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፊቼ ጨምበላላ ቄጣላ ሲጨፈር፣ ወይም ሠርግ ላይ ትከሻ ሲመታ፣ 25 ፍሬም ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለውን በ50አይ ቅዱና ሃንድብሬክ ላይ ዲኢንተርሌስን ያዲፍ፣ ቅድመ ምርጫውን ቦብ፣ የፍሬም ቁጥሩን ቋሚ 50 አድርጉ። ከእያንዳንዱ ፊልድ አንድ ፍሬም ስለሚወጣ እንቅስቃሴው ይለሰልሳል፤ ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ለጭፈራ ግን ማንም አያስተውለውም።

ሻተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ሴኮንድ ላይ እሰሩት። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ 1/50 በትክክል ሁለት ብልጭታ ይይዛል፣ ስለዚህ ምስሉ ላይ መስመር አይሄድም። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ቪክሲያ የሚባለው ዓይነት 60አይ እና ፒኤፍ30 ነው ያለው። በ1/60 አዳራሽ ውስጥ ጥቁር ባንድ ይንሸራተታል፤ 1/100 ላይ ስታደርጉት ይጠፋል። የዲጄው ርካሽ ኤልኢዲ ግን በራሱ ፍጥነት ስለሚርገበገብ በሻተር ብቻ ላይፈታ ይችላል።

ሐይቁ ዳር ፀሐይ ሲበረታ፣ 1/50 ላይ ከቆያችሁ አይሪሱ (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ወደ ኤፍ8 ይዘጋል፤ በዚህ ትንሽ ሴንሰር ላይ ያ ምስሉን ያለሰልሰዋል። ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ8 ፊልተር ግዙ፣ የሌንሱ ጥርስ 58 ሚሊሜትር ነው፤ ኤፍ4 አካባቢ መቆየት ትችላላችሁ። ማታ ደግሞ ሲጨልም ሻተሩን በራሱ የሚያዘገየውን አውቶ ስሎው ሻተርን አጥፉ፤ ፒኤፍ25 ላይ ካልጠፋ እስከ 1/12 ወርዶ ሰውን ሁሉ ጭራ ያወጣዋል። ጨለማ ውስጥ ምስሉን በራሱ የሚያደምቀውን የኤጂሲ ገደብ 12 ዲቢ አድርጉት። ሻርፕነስ አንድ ደረጃ ይውረድ፤ ቀሪውን ኤዲቲንግ ላይ መጨመር ይሻላል።

ኤምኤክስፒ የሚባለው ከፍተኛው ጥራት በሴኮንድ 24 ሜጋቢት ነው፤ 32 ጊጋ ካርድ 2 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይይዛል። ረዥም ቅጂ ወደ ብዙ ፋይል ስለሚቆራረጥ ካርዱ ላይ ያለውን የኤቪሲኤችዲ ፎልደር እንዳለ ኮፒ አድርጉና በፕሪሚየር ሚዲያ ብራውዘር አስገቡ። ፋይሎቹን ነጥላችሁ ከጎተታችሁ መገጣጠሚያው ላይ ድምፁ ይቋረጣል፣ ቅዳሴ ወይም ንግግር ላይ ደግሞ ይህ ወዲያው ይሰማል።

የማይወደደውም አለ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ ነፋስ ውሃውን ሲያናውጠው 24 ሜጋቢት አይበቃም፣ ሞገዱ ካሬ ካሬ ይሆናል፤ የቆመ አባ ኮዳ (ትልቁ ወፍ) ግን ላባው ሳይቀር ይታያል። ሰፊው እይታ በ35 ሚሊሜትር ፎቶ ካሜራ ሚዛን 30.4 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል። አብራ የምትመጣው ቢፒ-808 ባትሪ 890 ሚሊአምፔር ሰዓት ብቻ ናት፤ ለሠርግ 2670 ያላት ቢፒ-827 ታስፈልጋለች። ርካሽ ባትሪዎች ውስጥ ቺፕ የሌላቸው ቀሪውን ደቂቃ አያሳዩም፣ ሳይታሰብ ነው የሚያጠፏት።

ያገለገለ ስትገዙ ካሜራውን አስከፍታችሁ የፍሬም ሬት ሜኑውን እዩ። ፒኤፍ25 ካለ ለእኛ መብራት የተሠራው ነው፤ ፒኤፍ30 ካለ የአሜሪካው ነው፣ በሜኑ አይቀየርም፣ ዋጋውንም በዚያ ተደራደሩ።