ባህር ዳር አስጠኚ ለምትፈልጉ፦ ስለ ወንድሜ ቲቸር

ስለዚህች ልጅ ሳልጽፍ ብቀር ይቆጨኛል።

ታናሽ ወንድሜ ከ6 ዓመቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ፀበሉም መድኃኒቱም ተሞክሯል። ጣና አፍንጫችን ሥር ሆኖ ውሃው ዳር ብቻውን ሄዶ አያውቅም። አምና ሕንድ ሄዶ የአንጎል ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ ከግራ ጆሮው በላይ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ጥሎት አያውቅም። መድኃኒቱን ግን አሁንም ይውጣል።

ደስታችንን ሳንጠግብ ቃላት ይጠፉበት ጀመር። ማንኪያ እያየ «ያ... የሚበላበት» ይላል። ጠዋት የተነገረው ከሰዓት የለም። ሐኪም ቤት ብንወስደው «በሽታው ቆሟል አይደል፣ ሌላ ምን ፈለጋችሁ?» ተባልን። አንዱ አስጠኚ «ሰነፍ ነው» ብሎ በወሩ ተወው። ሌላው እዚያው እሱ ፊት «ጭንቅላቱ ተነክቷል፣ ገንዘባችሁን አትጨርሱ» አለን። ያን ማታ ወንድሜ እራት አልበላም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህቺ ቲቸር ሳይኮሎጂ ተምራለች። ቀበሌ 14 ቤታችን የመጣች ቀን ደብተር ከማስወጣቷ በፊት ስለ ቀዶ ጥገናው ጠየቀችን። የብዙ ሰው ቋንቋ ያለው በግራ አንጎሉ ነው፣ በዚያ በኩል ሲነካ ስም መጥራትና የሰሙትን መያዝ ሊደክም ይችላል አለችን። ሌላውን ማብራሪያ አልያዝኩትም። ስንፍና እንዳልሆነ ግን ገባኝ። እናቴ አለቀሰች።

እኛ ቃል ሲጠፋበት ቶሎ ብለን እንሞላለት ነበር። እሷ ትጠብቀዋለች። አንድ ቀን ቡና ላቀርብላት ገብቼ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስኒው እጄ ላይ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀችው። ፊቷ ላይ መሰልቸት የሚባል ነገር የለም። በጣም ሲያቅተው የመጀመሪያዋን ድምፅ ብቻ «ማ...» ትለዋለች። ይመጣል! ኪስ የምትገባ ደብተርም አስለምዳዋለች፣ የቤት ሥራውን፣ ዕቃ ያስቀመጠበትን ሁሉ ይጽፍባታል።

እንደ ድሮው ይሆናል ብላ ቃል አልገባችልንም። ይህም አስከበረኝ።

ባለፈው እሁድ ሐይቁ ዳር ወሰድኩት። ታንኳ የሚሠሩ ሰውዬ አጠገብ ቆመን ታንኳው ወደሚሠራበት የተክል እስር እያሳየ «ያ... ያ...» አለ። አፌ ላይ የደረሰውን ዋጥ አድርጌ ጠበቅሁ።

«ደንገል!» አለኝ።

ቲቸርዬ፣ እድሜ ይስጥልን። እንዲህ ዓይነት ልጅ ያላችሁ፣ በእናታችሁ፣ ሰነፍ ነው ሲሏችሁ አትስሙ፣ እሷን አግኟት። ቅዳሜ ከሰዓት ቦታ አላት። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።