«በሊትር 22 ትሄዳለች» ለሚሏችሁ የናፍታ መኪና ብር ከመክፈላችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ያገለገለ የናፍታ መኪና ለመግዛት ለምታስቡ ነው። በተለይ «ነዳጅ ትቆጥባለች» በሚል ብቻ ዋጋ ልትጨምሩ ለተዘጋጃችሁ። እኔ ጨምሬ ገዝቻለሁ። ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ።

አሮጌዋን መኪናዬን ሸጬ ሌላ ስፈልግ ሁለት ምርጫ ቀረበልኝ። አንዷ ያው የለመድናት ትንሽ የቤንዚን መኪና ናት። ባለቤቱ «ከተማ ውስጥ በሊትር 12 አካባቢ ነው የምትሄደው» ብሎ ሳያጋንን ነገረኝ። ሌላዋ ከአውሮፓ የገባች፣ የእ.ኤ.አ. 2015 ምርት፣ 1.6 ቱርቦ ናፍታ። ዋጋዋ ከመጀመሪያዋ በ300 ሺህ ብር ይበልጣል። ደላላው ግን መልሱ በጁ ነበር።

«ወንድሜ፣ ይቺ እኮ ናፍታ አትጠጣም፣ ታሸታለች እንጂ!»

ወዲያው ስልኩን አውጥቶ የካታሎግ ፎቶ አሳየኝ። 100 ኪሎሜትር በ4.5 ሊትር። «እስቲ አካፍለው» አለኝ። አካፈልኩት። እውነትም 22 ነው። በማካፈሉ ላይ ስህተት የለም። ስህተቱ ያለው 4.5ቱ ላይ ነው።

እኔም ዝም ብዬ አላመንኩም። «መንገድ ላይ ልያት» አልኩ። ይከፋዋል ብዬ ስጠብቅ ደስ አለው። «ለምን አዳማ ድረስ ደርሰን አንመለስም?» አለ። በፍጥነት መንገዱ ወረድን። እየነዳሁ ያለሁት እኔ ነኝ፣ መንገዱ ጭር ብሏል፣ መኪናዋ ትንሳፈፋለች። አዳማ ስንገባ ዳሽቦርዱ ላይ 4.9 ይላል። በሊትር 20 መሆኑ ነው። ቡና ጠጣን። ስንመለስ «አሁን ደግሞ እኔ ልንዳ፣ አንተ ተዝናና» አለኝና መሪውን ያዘ። ሬዲዮ ከፈተ። የዳሽቦርዱም ገጽ ወደ ሬዲዮ ተቀየረ። ያኔ ልብ አላልኩም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አዳማ 1,600 አካባቢ። ሰባት መቶ ሜትር ቁልቁል ወርደናል ማለት ነው። አንድ ቶን ተኩል የምትመዝን መኪና ያን ያህል ቁልቁል ስትወርድ፣ በእኔ ስሌት ከግማሽ ሊትር በላይ፣ ምናልባትም ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ናፍታ በነጻ ታገኛለች። በ80 ኪሎሜትር መንገድ ላይ ይሄ ቀላል አይደለም። ሜዳ ላይ በሊትር 16 የምትሄድ መኪና ስትወርድ 19 እና 20 ታሳያለች። ስትመለስ ግን ያንኑ ዳገት መውጣት አለባት፤ 14 እና ከዚያ በታች ትሆናለች። ሬዲዮው የተከፈተው በዚህኛው በኩል ነበር።

እና የመጀመሪያው ምክሬ፦ የትም ብትሞክሯት ሄዳችሁ የተመለሳችሁበትን ደርባችሁ ቁጠሩ። «አዳማ ድረስ»፣ «ደብረ ዘይት ድረስ» የሚባል ሙከራ ግማሽ ሙከራ ነው።

አሁን ወደዚያ 4.5 ልመለስ። ቁጥሩን ደላላው አልፈጠረውም። ፋብሪካው ራሱ ያወጣው ነው፤ በሕግም የተፈቀደ ነበር። አውሮፓ ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 2017 ድረስ አዲስ መኪና የሚለካው ኤንኢዲሲ በሚባል አሮጌ ሙከራ ነው። ሙከራው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ጎማው ሮለር ላይ እየተሽከረከረ ይደረጋል። ርዝመቱ 20 ደቂቃ፣ 11 ኪሎሜትር ብቻ። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎሜትር ገደማ። 120 የምትደርሰው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ኤሲ ጠፍቶ። ዳገት የለ፣ ንፋስ የለ፣ ፊት ለፊት የሚገባባችሁ ሚኒባስ የለ።

ዓለም አቀፉ የንጹህ ትራንስፖርት ምክር ቤት የሚባለው የጥናት ድርጅት ይህን ቁጥር ሰዎች መንገድ ላይ ከሚያገኙት ጋር ለዓመታት ሲያነጻጽር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 ልዩነቱ 9 በመቶ አካባቢ ነበር። በ2015 ወደ 42 በመቶ አድጓል። መኪኖቹ ባሱ ማለት አይደለም። ፋብሪካዎቹ ሙከራውን ማለፍ ለመዱ። ከ2017 ጀምሮ ደብሊውኤልቲፒ የሚባል ጠንከር ያለ ሙከራ ተተካ። እኛ ሰፈር ግን «ካታሎግ ላይ ያለው» እየተባለ የሚሸጥልን አብዛኛው የአሮጌው ዘመን ቁጥር ነው።

4.5ቱ ላይ 42 በመቶ ጨምሩበት። 6.4 ይሆናል። በሊትር 15 ተኩል። ይሄ እዚያው አውሮፓ፣ እዚያው አስፋልት ላይ ነው። ገና አዲስ አበባ አልገባንም።

የእኔ የጠዋት መንገድ ከሰሚት እስከ መገናኛ ነው። ስምንት ኪሎሜትር አትሞላም። በጥሩ ቀን 25 ደቂቃ፣ በመጥፎው ቀን 50። ናፍታ ሞተር ቶሎ አይሞቅም። እኔ መሥሪያ ቤት በር ላይ ስደርስ ነው እሷ ሙቀቷን የምታገኘው። እስከዚያ ድረስ ዘይቱ ወፍራም ነው፣ ሞተሩ ራሱን ለማሞቅም ናፍታ ይበላል። ከዚያ ደግሞ ቆሞ መንተክተኩ አለ። እንዲህ ያለ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ያቃጥላል፣ ኤሲ ከተከፈተ ይጨምራል። ቆማችሁ ባጠፋችሁት ደቂቃ ኪሎሜትር አይቆጠርም፤ በዚያ ሰዓት መኪናችሁ በሊትር ዜሮ ነው የምትሄደው። ከፍታውም አለ። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦው፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ አየር አስገድዶ የሚያስገባው ዕቃ፣ ያካክሰዋል፣ ግን ቱርቦው እስኪነሳ ድረስ መኪናዋ ትለግማለች፣ እኛም ነዳጅ መስጫውን እንረግጣለን።

ገዝቼ በሁለተኛው ሳምንት በደንብ ለካኋት። ሙሉ አስሞላሁ፣ ኪሎሜትሩን ዜሮ አደረግኩ፣ 492 ኪሎሜትር ነዳሁ፣ መልሼ ሙሉ አስሞላሁ። 43.2 ሊትር ገባ። በሊትር 11.4። ማደያው ውስጥ ቆሜ ስልኬ ላይ ሦስት ጊዜ አካፈልኩት። ከኋላዬ የተሰለፈው ባለ አይሱዙ ክላክስ አደረገብኝ።

በነገራችን ላይ ዳሽቦርዱ በዚያ ቀን 12.6 ነበር የሚለው። የመኪናው ኮምፒውተር የሚገምተው እንጂ የሚለካው አይደለም፣ ሲገምት ደግሞ ለራሱ ያደላል። የማደያው ሊትር ነው ዳኛው።

አሁን ከሁሉ ያስወጣኝን ልንገራችሁ። በሦስተኛው ወር ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። የማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ቅርጽ ውስጥ ነጠብጣብ ነገር። ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ወጣት ልጅ ነው፣ ግን ያውቃል። መብራቱን ከማየቱ በፊት የዘይት መለኪያውን መዝዞ በጨርቅ ጠርጎ እንደገና ከተተ። አወጣው። አፍንጫው ጋ አስጠጋው።

«ጋሼ፣ ዘይት ጨምረውበታል?»

«አልጨመርኩም።»

«እሱማ ጨምሯል። ያሽትቱት።»

አሸተትኩት። ናፍታ ናፍታ ይላል። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ሁለት ጣት ያህል ወጥቷል። ከሞተር ዘይት ሲቀንስ እንጂ ሲጨምር አይቼ አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ አዳዲስ የናፍታ መኪኖች ጭሱ ላይ ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው፣ መካኒኮቹ ዲፒኤፍ ይሉታል። ማጣሪያው ሲሞላ መኪናዋ ራሷ ታቃጥለዋለች። ለማቃጠል ግን ሙቀት ትፈልጋለች፣ ያንን ሙቀት ለማምጣት ደግሞ ተጨማሪ ናፍታ ትረጫለች። ከከተማ ወጥታችሁ አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ ሳትቆሙ ብትነዱ ሥራዋን ጨርሳ ዝም ትላለች። እኔ ግን ሁልጊዜ መገናኛ ላይ ስደርስ አጠፋታለሁ። ትጀምራለች፣ አቋርጣታለሁ። ትጀምራለች፣ አቋርጣታለሁ። በየጊዜው የረጨችው ናፍታ ሳይቃጠል በፒስተኑ ዙሪያ ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ናፍታ የተቀላቀለበት ዘይት ደግሞ ሞተር ያስበላል፣ ቱርቦም ይገድላል።

ስለዚህ አጭር መንገድ ሁለት ጊዜ ነው የሚያስከፍለኝ፤ አንዴ ማደያ፣ አንዴ ጋራዥ። ልጁ ዘይቱን ቀይሮ፣ ማጣሪያውን በኮምፒውተር አስገድዶ አቃጠለልኝ። ብዙ ሰው «ቆርጠህ አውጣው» ይለኛል። ቆርጠው የሚያወጡም ሞልተዋል። እኔ አላደረግኩትም። ያ ጥቀርሻ ማጣሪያው ውስጥ ካልቀረ ከኋላዬ የሚሄደው ሰው ሳንባ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ከኋላዬ ደግሞ ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ነው ያለው።

በየቀኑ አምስትና ስምንት ኪሎሜትር ለምትነዱ ቁርጥ ያለ ሐሳቤ፦ ባለ ማጣሪያ ናፍታ አትግዙ። ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር ለምትመላለሱ ሌላ ነገር ነው፤ ለናንተ ትሆናለች። እኔም ሐዋሳ በ80 እና በ90 ረጋ ብዬ ደርሼ ስመለስ፣ ደርሶ መልሱ 17.5 ሰጥታኛለች። መኪናዋ ውሸታም አይደለችም። የተነገረልኝ እኔ ስለማልነዳው መንገድ ነው።

ከዚያ ወዲህ አነዳዴን ለውጫለሁ፣ ለውጡም ይታያል። ጎሚስታው ጋ ስሄድ የአራቱም ጎማ የአየር ግፊት 24 ነበር፤ በር ላይ የተለጠፈው ግን 33 ይላል። አስሞላሁ። ባዶውን የሚዞረውን የጣሪያ ፖርታባጋሊ አወረድኩ። ከፊቴ ያለው መብራት ቀይ መሆኑን እያየሁ ነዳጅ መስጠት ተውኩ፤ ለፍሬን ሸራ የምትሰጡት ናፍታ ነው እሱ። በፍጥነት መንገድ ላይም ከ120 ወደ 90 ወረድኩ። አየሩ የሚገፋችሁ ጉልበት በ120 ከ90 ጋር ሲነጻጸር ወደ እጥፍ ይጠጋል።

አንድ ነገር ግን ሹፌሮቻችንን ማሳመን አቅቶኛል። ቁልቁለት ላይ ፎሌ ማድረግ፣ ማለትም ማርሹን አውጥቶ መንዳት፣ ናፍታ ይቆጥባል ይላሉ። በድሮ መኪና ምንም ይሁን፣ በእነዚህ በኮምፒውተር በሚሠሩት ግን ተቃራኒው ነው። ማርሽ ውስጥ ሆና እግራችሁን ስታነሱ ናፍታው ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ፎሌ ስታደርጓት ሞተሩ እንዳይጠፋ መርጨት አለበት። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በፎሌ የሚወርድ ሰው ናፍታም አይቆጥብ፣ ፍሬኑንም ያቃጥላል።

በዚህ ሁሉ ከ11.4 ወደ 13.8 አደረስኳት። ትልቅ ለውጥ ነው። 22 ግን አይደለም።

ዳሽቦርዱ ሥር የሚሰካ «ነዳጅ ቆጣቢ» የሚሸጡላችሁም አሉ። አንድ ዘመድ ገዝቶ ሰጥቶኛል፣ አረንጓዴ መብራቱ ያምራል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከ100 በላይ ነዳጅ ቆጣቢ የተባሉ ዕቃዎችን ገምግሞ፣ ፍጆታን ጉልህ በሆነ መጠን የሚቀንስ አንድም አላገኘም።

ሒሳቡን ከመግዛቴ በፊት ብሠራው ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር። በወር 1,000 ኪሎሜትር እነዳለሁ። ደላላው እንዳለው 22 ብትሄድ በወር 45 ሊትር ትጨርሳለች። ባለ 12ቷ ቤንዚን 83 ሊትር። ልዩነቱ 38 ሊትር ነው። ለሒሳብ እንዲመች ሊትሩን 100 ብር ብናደርገው 3,800 ብር ይሆናል፤ ዋጋው ሲቀየር እናንተው አስተካክሉት። የጨመርኩትን 300 ሺህ ለመመለስ ስድስት ዓመት ተኩል ያስፈልጋል። ይሄ እንግዲህ የተባለው ሁሉ እውነት ቢሆን ነው! በ11.4 ደግሞ በወር 88 ሊትር ነው የፈጀሁት። ከቤንዚኗ በላይ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከከለከለ ወዲህ ያለው መኪና ነው እጅ በእጅ የሚዞረው፣ ወሬውም አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ሻጩ «ትቆጥባለች» ካላችሁ ተከራክራችሁ አትድከሙ። ሙሉ እንዲያስሞላ አድርጉ፣ ወይም እናንተ አስሞሉ። አንድ ቀን ሙሉ በናንተው ሰፈር፣ በናንተው ሰዓት ንዷት። ወደዚያው ማደያ፣ እዚያው ቀጂ ጋ ተመለሱ። ማሽኑ ቀጥ ሲል አቁሙ፣ አትጨማምሩበት። የዘይት መለኪያውንም መዛችሁ አሽትቱ። እምቢ ካለ ሌላ መኪና አለ።

መኪናዋን ባለፈው ሳምንት ለሽያጭ አወጣኋት። አንድ ልጅ እግር ሰው መጥቶ አያት፣ ወደዳት። «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» አለኝ። ደብተሬን አውጥቼ አሳየሁት። ከተማ 13.8፣ ረጋ ብለህ ከነዳህ። አመስግኖኝ ሄደ። በማግስቱ ደወለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሌላ አገኘሁ። እሷ 20 ነው የምትሄደው።»

«አዳማ ወስዶህ ነበር?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «እንዴት አወቁ?»