ቆሮሶ ብለው አምባዛ እያበሉን ነው

አሳ ቤት ገብታችሁ ፊሌቶ የምታዙ፣ ተጠንቀቁ። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው።

ቤቱን ታውቁታላችሁ፤ ስሙን ባይሆን ዓይነቱን። በሩ ላይ ትልቅ አሳ የተሳለበት፣ "ከዝዋይ ትኩስ የገባ" የሚል የተለጠፈበት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወንበር የማይገኝበት። ትናንት እናቴን ይዤ ገባሁ።

እናቴ አምባዛ አትበላም። እንደ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ቅርፊት የለውማ። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም የሚለውን ዕድሜዋን ሙሉ ጠብቃ የኖረች ሴት ናት። ሳናዝ በፊት ጠየቀችው። "ልጄ፣ አምባዛ እንዳይሆን።"

"ኧረ ማዘር! ንጹህ ቆሮሶ ነው።"

ደግማ ጠየቀችው። "እናቴ ትሙት፣ ቆሮሶ ነው!" ብሎ ማለላት።

ጥብሱን ግማሽ ያህል እንደበላን እጄን ልታጠብ ተነሳሁ። መታጠቢያው በጓዳ በኩል ነው። አንድ ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የአሳ ቆዳ ይገፍፋል። አጠገቡ ባልዲ አለ። ባልዲው ውስጥ ያለው ጭንቅላት ሁሉ ጠፍጣፋ፣ ጢማም። ቆዳው ጥቁር፣ ልሙጥ። ወለሉ ላይ አንዲት ቅርፊት የለችም። ቆሮሶ የሚሠራበት ጓዳ ደግሞ ቅርፊት የማይለጠፍበት ቦታ የለም።

"ቆሮሶው የታለ?" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "ቆሮሶ ከገባ ቆየ እኮ።" እንደ ተራ ነገር።

ማናጀሩ ጋ ሄድኩ። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ሰማኝና "አሳ አሳ ነው እህቴ። ጣፍጧችሁ በልታችሁ የለ እንዴ?" አለኝ። እናቴ ከኋላዬ ደርሳ ቆማለች። እሷ የማትበላው በሃይማኖቷ እንደሆነ ስነግረው ካሸሯን አይቶ ሳቀ። በእናቴ ፊት! አስተናጋጁማ እናቱን ጠርቶ የማለው ሰውዬ አጠገባችን ጠረጴዛ ይወለውላል። ሒሳቡም የቆሮሶ ነው፣ አንድ ብር አልተቀነሰም። እናቴ ቤት እንደገባን የንስሐ አባቷ ጋ ደወለች። የከነከነኝ ይሄ ነው እንጂ ገንዘቡ አይደለም።

ለምን እንደሚያደርጉት ግልጽ ነው። የዝዋይ ቆሮሶ ከድሮው በጣም ቀንሷል፤ ከሐይቁ አምባዛና ካርፕ ነው በብዛት የሚወጣው። አምባዛ በዋጋ ይረክሳል። ቆዳው ተገፎ፣ ተቆራርጦ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ከተጠበሰ በኋላ ማን ይለየዋል? አምባዛ መጥፎ ነው አላልኩም። የሚወደው ይብላው፣ ግን በስሙና በዋጋው።

እናንተ ሙሉ አሳ እዘዙ፣ ጭንቅላቱ ይታይ። ፊሌቶ የምትገዙ ከሆነ ፊታችሁ ይቆረጥ። "ናይል ፐርች ነው፣ ከዝዋይ የመጣ" የሚላችሁ ካለ ደግሞ ትታችሁት ውጡ። ናይል ፐርች ሌላ ትልቅ የአሳ ዓይነት ነው፤ ከጫሞ፣ ከአባያ ወይም ከጋምቤላ ነው የሚመጣው፤ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ የለም።