ወረቀቱን ለመምህሩ ትተው ለሚሄዱት አሰልጣኛችን

ይህ ጽሁፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ምስጋናው ዓመቱን ሙሉ ከመምህራን ጋር እየተመላለሱ ለሠሩ የአካቶ ትምህርት (አካል ጉዳት ያለባቸውን ጨምሮ ሁሉም ልጆች አብረው የሚማሩበት) አሰልጣኝ ነው። ጥቆማው ደግሞ በየትምህርት ቤቱ የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና ለማዘጋጀት ደፋ ቀና ለምትሉ ርዕሳነ መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮችና የሥራ ባልደረቦች ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈቀዱልንም፤ እኔን ሳይሆን ሥራውን ጻፉት ብለውናል። እሺ፣ ሥራውን እንጽፋለን። ስታነቡት ምን ዓይነት ሰው መፈለግ እንዳለባችሁ ይገባችኋል።

መጀመሪያ ግን ምሬቱ ይውጣ። ስለ ፍትሐዊነትና ስለ አካታችነት የሚሰጠው ሥልጠና በብዛት መልኩ አንድ ነው፤ አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ ማብቂያው ላይ የተሳትፎ ሰርተፍኬትና የቡድን ፎቶ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቶ የሚያደርገውን አንድ ነገር ይዞ የሚወጣ የለም። ስለ አካታችነት እያስተማሩ በማይነበብ ደቃቅ ፊደል የተሞላ ስላይድ ሲደረድሩ አይተናል። መስማት የተሳነው መምህር ከተሳታፊዎቹ መካከል እንዳለ እያወቁ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሳያስመጡ የጀመሩም ነበሩ። ያ መምህር ሁለት ቀን ሙሉ የሰው ከንፈር ሲከታተል ውሎ፣ የተሰብሳቢዎች ዝርዝር ላይ ፈርሞ ሄደ። እስከ ዛሬ ያንገበግበናል።

የመምህራንን ዓይን በጨርቅ አስሮ አምስት ደቂቃ ማስኬድም የተለመደ ነው። በዚያ አምስት ደቂቃ የሚገኘው ድንገት ጨለማ ውስጥ የገባ ሰው ድንጋጤ ነው እንጂ የዓይነ ስውር ተማሪ ኑሮ አይደለም። ተማሪው በዱላው፣ በጆሮውና በብሬል ዓመታት ያካበተው ችሎታ አለው፤ ከዚያ ልምምድ የወጣ መምህር ግን ይዞ የሚሄደው ሐዘኔታ ብቻ ነው። ያዘነለትን ልጅ ደግሞ ከባድ ጥያቄ አይጠይቀውም። ከዚህም የባሰው መምህሩን ከመነሻው አድሏዊ ብሎ የሚከሰው ሥልጠና ነው። ሰው ከተከሰሰ ራሱን ሲከላከል ይውላል፤ ከሰዓት በኋላ ማንም እጁን አያወጣም።

አሰልጣኛችን አዳራሽ አልጠየቁም። የጠየቁት በክፍሉ ጀርባ አንድ ወንበርና የተማሪዎቹን የመቀመጫ ካርታ ነው። ካርታው ቀላል ነው፤ ነጭ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ ስሙ። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ መምህሩ ያንን ተማሪ በጠየቀ ቁጥር አንድ ጭረት ያደርጋሉ። ጥያቄው ማስታወስን ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ጭረቱ አጭር፣ «ለምን?» «እንዴት አወቅህ?» የሚል ከሆነ ረጅም ነው። ተማሪው እጁን አውጥቶ ሳይጠራ ከቀረ ክብ፣ መምህሩ ወደ መቀመጫው ሄዶ ካገዘው ነጥብ። ሌላ ምንም አይጽፉም። አስተያየት የለም፣ «በጣም ጥሩ» የለም፣ «መሻሻል ያለበት» የለም።

ይህን ጽሁፍ ያስጻፈን ደወሉ ከተደወለ በኋላ የሚያደርጉት ነው። ወረቀቱን ለመምህሩ ይሰጡታል። ቅጂ አያስቀሩም፣ በስልክ ፎቶ አያነሱም፣ ለርዕሰ መምህሩም አያሳዩም። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ከአስተዳደሩ ጋር በጽሁፍ ይስማማሉ፤ ምልከታው ለሥራ አፈጻጸም ምዘና አይውልም። ከዚያ «ምን ይታይዎታል?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይላሉ።

ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማሩ አንድ መምህር ወረቀቱን ተቀብለው ብዙ ቆዩ። ጭረቶቹ ፊት መሐል ላይ ተከማችተዋል። በግራ ግድግዳው ጥግ በአራት ሳጥኖች ውስጥ አንድም ጭረት የለም፤ በሁለቱ ውስጥ ግን ክብ አለ። ልጆቹ እጃቸውን አውጥተው ነበር ማለት ነው። መምህሩ ጣታቸውን ክቡ ላይ አሳርፈው «እኔ እኮ እነዚህ አይሳተፉም ነበር የምል» አሉ። አሰልጣኛችን አላረሟቸውም፣ አላባበሏቸውም። «ነገ ከየት ቢጀምሩ ይሻላል?» ብቻ አሉ። ሰውን ሳያሳፍሩ እውነቱን እንዲያይ ማድረግ ይህን ያህል ይቻላል! እግዜር ይስጥልን።

የአሠራራቸው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ከምልከታው በፊት አሥር ደቂቃ ከመምህሩ ጋር ተቀምጠው ምን እንደሚቆጠር መምህሩ ራሱ ይመርጣል። ምልከታው ይደረጋል። ውይይቱ በዚያው ቀን ሃያ ደቂቃ ነው፤ ካደረ ክፍሉ ውስጥ የሆነው ይደበዝዛልና። ከውይይቱ አንድ ለውጥ ብቻ ይወጣል። ሁለት ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የቀየረ መምህር የትኛው እንደሠራ አያውቅም፣ በሳምንቱም ሁሉንም ይተወዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ካርታ፣ በዚያው ምልክት ተመልሰው ይቆጥራሉ። በዓመቱ ለእያንዳንዱ መምህር ስድስት ዙር። ሥልጠናው የሠራው በዚህ መመላለስ ነው ብለን እናምናለን።

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የመረጥነው ለውጥ የጥበቃ ጊዜን፣ ማለትም ከጥያቄው በኋላ መልስ የምንጠብቅበትን ጊዜ፣ ማስረዘም ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳዩት መምህራን ጥያቄ ጠይቀው በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ይጠብቃሉ። ጥበቃው 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን መልሱ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉ ልጆች ይናገራሉ፣ «አላውቅም» ይቀንሳል። የሚረሳው ሁለተኛው ጥበቃ ነው፤ ተማሪው መልሶ ከጨረሰ በኋላ የሚደረገው። ልጁ ትንፋሽ ሲወስድ መምህሩ «ጎበዝ!» ካለ የቀረው ሐሳብ እዚያው ይሞታል። ሲጀመር የሚበላሸው ደግሞ መምህሩ የተማሪውን ስም አስቀድሞ ስለሚጠራ ነው፤ ስሙ ከተጠራ የቀሩት ማሰብ ያቆማሉ። ስለዚህ ጥያቄው፣ ጥበቃው፣ ከዚያ ስሙ። ሦስቱን ሰከንድ በልባችሁ ቁጠሩ፤ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰከንድ በጣም ይረዝማል፣ አትደንግጡ።

ስም የተጻፈባቸውን እንጨቶች ከቆርቆሮ ውስጥ በዕጣ ማውጣት ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የወጣውን እንጨት ለብቻ በማስቀመጡ ነው፤ ያ ልጅ ተራው አልፏልና ያርፋል። እንጨቱ ወደ ቆርቆሮው መመለስ አለበት። የሚንተባተብ ወይም በሰው ፊት መናገር በጣም የሚያስጨንቀው ልጅ ካለ ደግሞ ዕጣው ብቻውን ጭካኔ ይሆናል። አሰልጣኛችን ያስተማሩን ከልጁ ጋር ለብቻ ተነጋግሮ በምልክት መስማማትን ነው፤ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ካቆመ «ዛሬ ጠይቁኝ»፣ ካስተኛ «ቆዩኝ» ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ዘዴ አዳራሽ ውስጥ ሰምተን አናውቅም።

የቡድን ሥራን በተመለከተም ባለውለታችን ናቸው። ኤሊየት አሮንሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ኦስቲን ከተማ፣ በዘር ተለያይተው ይማሩ የነበሩ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ሲገቡ ለተፈጠረው ጠብ ያመጡት ዘዴ አለ። ትምህርቱ ለምሳሌ አምስት ቦታ ይከፈላል፤ በየቡድኑ እያንዳንዱ ልጅ አንዱን ድርሻ ይይዛል። አንድ ዓይነት ድርሻ የደረሳቸው ከየቡድኑ ወጥተው አንድ ላይ ይዘጋጃሉ፣ ከዚያ ወደ ቡድናቸው ተመልሰው ያስተምራሉ። ማንም ከሌላው ሳይሰማ ሙሉውን አያገኝም። ዘዴው የሚከሽፈው መምህሩ ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ የመካከሉን ዝግጅት ሲዘል ነው። ያኔ ማንበብ የሚከብደው ልጅ ሳይዘጋጅ ቡድኑ ፊት ይቆምና ከበፊቱ የባሰ ያፍራል። ጊዜ ካጠረ ይዘቱን ቀንሱ፣ ያንን ዝግጅት አትንኩ።

ስለ አካል ጉዳት ያሳዩን ደግሞ እጅግ ተራ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው። ሰሌዳ ላይ የሚጻፈውን እየጻፉ ጮክ ብሎ ማንበብ። «ይህን ከዚህ ጋር ደምሩት» ማለት ትቶ ቁጥሩን በስሙ መጥራት። ወደ ሰሌዳው ዞሮ አለማውራት፤ ከንፈር የሚያነብ ልጅ የመምህሩን ጀርባ አያነብም። የተማሪ ጥያቄ ከኋላ ሲመጣ መምህሩ ጥያቄውን ደግሞ ለሁሉም ማሰማት። የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ድምፅን ያጎላል እንጂ ጫጫታን ከንግግር ለይቶ አያጠፋም፤ ልጁ መሣሪያ ስላደረገ ይሰማል ብሎ መተው ትልቅ ስህተት ነው። በምልክት ቋንቋ ለሚግባባ ልጅ ደግሞ የፊት ወንበር መፍትሔ አይሆንም፣ ቋንቋው ያስፈልገዋል። ለዓይነ ደካማ ልጅ የሚታተም ወረቀት ፊደሉ ቢያንስ 18 ነጥብ ይሁን፤ ግን ሁሉንም ገጽ ከማጉላት በፊት ልጁን ጠይቁት፤ ዓይናቸው በአንድ ጊዜ የሚያየው ቦታ በጣም ጠባብ የሆነባቸውን ልጆች ትልቁ ፊደል ያስቸግራቸዋል።

በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። በመጫወቻ ሜዳ መግባባት ሁለት ዓመት ያህል ይበቃዋል፤ የመማሪያ መጽሐፉን ቋንቋ ከእኩዮቹ እኩል ለመያዝ ግን ጂም ከሚንስ የተባሉ ተመራማሪ እንዳሳዩት ከ5 እስከ 7 ዓመት ይወስዳል። ስለዚህ አፉን ፈትቶ የሚያወራ ልጅ ፈተና ሲወድቅ «ሰነፍ» ይባላል። ሐሳቡን መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ እንዲጽፍ ወይም ለጓደኛው እንዲናገር ሁለት ደቂቃ መስጠት ምንም ወጪ የለውም።

አንድ ሌላ የምናመሰግንበት ነገር ሐቀኝነታቸው ነው። ሮዘንታልና ጃኮብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙትን ጥናት ብዙ አሰልጣኞች እንደ ተአምር ይተርኩታል፤ በዕጣ የተመረጡ ልጆች «ይመነደጋሉ» ተብሎ ለመምህራን ሲነገር የልጆቹ ውጤት ከፍ አለ የሚለውን። እሳቸው ግን ልዩነቱ በግልጽ የታየው በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል እንደነበርና ጥናቱ ብዙ ክርክር እንዳስነሳ አያይዘው ይነግሯችኋል። እውነቱን የሚነግር አሰልጣኝ መምህር ያምነዋል። አካቶ ትምህርትን ስለሚደግፈው እ.ኤ.አ. የ1994ቱ የሳላማንካ መግለጫና ስለ ትምህርት መብት ስለሚደነግገው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 ያወሩት አምስት ደቂቃ ያህል ነው፤ የቀረው ጊዜ በሙሉ ለክፍሉ ሥራ ዋለ።

የሥነ ሥርዓት መዝገቡንም አስከፈቱን። «ባለጌ»፣ «አክብሮት የሌለው»፣ «አስቸጋሪ» የሚሉ ቃላት ሞልተውበት ነበር። አንዱን መስመር በሌላ ዓይነት አስጻፉን፤ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ዓይን ያየው ድርጊት፣ ከድርጊቱ በፊት የሆነው፣ የተወሰደው እርምጃ። «ሳይፈቀድለት ሦስት ጊዜ ከመቀመጫው ተነሣ» እና «አስቸጋሪ ነው» የተለያዩ ናቸው። እንዲህ ሲጻፍ አንዱ ልጅ በአንድ ወር ውስጥ የተባረረባቸው ጊዜያት ሁሉ ረጅም የንባብ ክፍለ ጊዜ ላይ መሆናቸው ወጣ። ዓይኑ ተመረመረ፣ መነጽር ተደረገለት። ይህ ልጅ ለስንት ጊዜ በር ላይ ቆሞ እንደነበር ስናስብ ይከፋናል።

አሰልጣኝ ልታመጡ ስታስቡ እባካችሁ እነዚህን ጠይቁ። ክፍል ገብተው ያያሉ ወይ? ተመልሰው ይመጣሉ ወይ፣ ስንት ጊዜ? ያዩት ነገር በማን እጅ ይቀራል? ከተሳታፊዎቹ መካከል አካል ጉዳተኛ መምህር ካለ ምን አዘጋጅተዋል? መልሱ ስለ ስላይድ ብዛት ከሆነ ገንዘባችሁንም የመምህራኑንም ሁለት ቀን አታባክኑ። አስተዳደሩ ደግሞ ለመምህሩ የውይይት ሃያ ደቂቃ በፕሮግራም ላይ ካላስገባ ምርጡም አሰልጣኝ ምንም አይሠራም፤ ከክፍል ወደ ክፍል የሚሮጥ ሰው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከተዋል።

ደግመን ደጋግመን እናመሰግናለን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የእሳቸውን ዓይነት አሰልጣኝ ያገኛችሁ ትምህርት ቤቶች እንዳትለቁ፣ ያላገኛችሁም እስክታገኙ ፈልጉ። ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ የመቀመጫ ካርታ ነውና የእያንዳንዱን ልጅ ስም በትክክል ጽፋችሁ ጠብቁ፤ በቅጽል ስም የተጻፈ ካርታ አይቀበሉም።