ፔፕኮ፣ ዶሚኒየን ወይስ ዋሽንግተን ጋዝ? ለሚከፍልም ለሚቀጠርም

ወጣቶቹ ሲያገኙኝ ጥያቄያቸው አንድ ሆኗል። «ጋሼ፣ ኡበር ሰልችቶኛል። ፔፕኮ ይሻላል ወይስ ዶሚኒየን?» ሁለቱም የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የመብራት ድርጅቶች ናቸው። እኔን የሚጠይቁኝ አገር ቤት መብራት ኃይል እንደሠራሁ ስለሚያውቁ ነው። እዚህ ደግሞ ለኮንትራክተር የመሬት ውስጥ ኬብል እዘረጋለሁ። አሌክሳንድሪያ ስኖር የዶሚኒየን ደንበኛ ነበርኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ ወዲህ የምከፍለው ለፔፕኮ ነው። ስለዚህ የማውቀውን አንዴ ጽፌ ልገላገል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንግባባ። እነዚህ የመብራት ድርጅቶች ለእኔና ለእናንተ ብለው አይፎካከሩም። መብራት ማን እንደሚሰጣችሁ የሚወስነው አድራሻችሁ ነው። ዲሲ፣ ወይም ሜሪላንድ ውስጥ ሞንትጎመሪ ወይም ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ከሆናችሁ ሽቦው በአብዛኛው የፔፕኮ ነው። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ወይም አሌክሳንድሪያ ከገባችሁ የዶሚኒየን ናችሁ። ማናሳስ ዙሪያ ኖቬክ የሚባል የአባላት ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። ወደ ባልቲሞር ስትጠጉ ደግሞ ቢጂኢ ይቀበላችኋል። ተናዳችሁ «ወደ ሌላው እዞራለሁ» ብትሉ፣ መዞር የምትችሉት ዕቃችሁን ጭናችሁ ቤት በመቀየር ብቻ ነው።

የሚፎካከሩት ለሠራተኛ ነው። እዚያ ላይ መራጩ እናንተ ናችሁ። ለዚህ ነው ስለ ቢሉ ቶሎ ብዬ አልፌ ስለ ሥራው ረዘም አድርጌ የማወራው።

ፔፕኮን በተመለከተ እዚህ አካባቢ የቆየ ሰው ሁሉ አንድ ታሪክ አለው። ሰኔ 29 ቀን 2012 ማታ ያ ነፋስ ሲመጣ ከ400 ሺህ በላይ ደንበኞቹ መብራት አጡ። ለብዙ ቀናት ጨለማ ውስጥ የከረሙ ሰፈሮች ነበሩ፣ ያውም በዚያ ሙቀት። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ2011 መጨረሻ፣ የሜሪላንድ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን መብራት ማጥፋት ያበዛል ብሎ አንድ ሚሊዮን ዶላር ቀጥቶታል። ስሙ የዚያን ጊዜ ጭቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዛፉ ተከርክሟል፣ መስመሩ ታድሷል። እኔ ባለሁበት ሰፈር መብራት ሲሄድ ቴክስት ይመጣል፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስም ይነግሩኛል። አገር ቤት መብራት ሲጠፋ ጎረቤቱ ሁሉ የእኔን በር ነበር የሚያንኳኳው። ስለዚህ ያቺን ቴክስት አልንቃትም።

ዶሚኒየን አሌክሳንድሪያ እያለሁ ብዙ አላስቸገረኝም። ቢሉም ቀለል ያለ ነው። ኃይሉን የሚያመነጨውም፣ ሽቦውን የሚዘረጋውም፣ ገንዘቡን የሚሰበስበውም አንድ ድርጅት ነው። ቨርጂኒያ በ1999 ገበያውን ልክፈት ብላ ጀምራ ነበር፤ በ2007 ሐሳቧን ቀይራ ወደ ቁጥጥሩ ተመለሰች። ሜሪላንድና ዲሲ ግን እንደከፈቱት ቀሩ። የእኛ ቢል ላይ የኃይሉ ዋጋና የሽቦው ዋጋ ተለያይቶ የሚመጣው ለዚህ ነው።

«የማን ይረክሳል?» ለሚለኝ፦ ሁለቱም ጨምሯል፣ ምክንያቱም ሁለቱም ከአንድ ገበያ ውስጥ ናቸው። ፒጄኤም ይባላል። በ13 ስቴቶች (በአንዳንዶቹ በከፊል) እና በዲሲ ያለውን የኃይል መረብ የሚያስተዳድር ድርጅት ነው። የኃይል ማመንጫ ጣቢያዎቹ «በጭንቅ ቀን ዝግጁ እንሆናለን» ብለው የሚከፈላቸው ገንዘብ ለአንድ ሜጋዋት በቀን 28.92 ዶላር ነበር። ከሰኔ 2025 ጀምሮ 269.92 ሆነ። ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። የዶሚኒየን ክልል ደግሞ ከዚያም በላይ ነበር። አንዱ ትልቅ ምክንያት ቨርጂኒያ፣ አሽበርን ሄዳችሁ የምታዩአቸው መስኮት የሌላቸው ግዙፍ ሕንፃዎች ናቸው። ዳታ ሴንተሮቹ፣ ማለትም የኢንተርኔቱ ኮምፒውተሮች የታጨቁባቸው።

ቤት ውስጥ ጥፋተኛ ተደርጎ የሚከሰሰው ግን ምጣዱ ነው። ልቁጠርላችሁ። ምጣዱ 1,500 ዋት ቢስብና ሁለት ሰዓት ሙሉ ብትጋግሩበት 3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንዱን በ20 ሳንቲም ብናስበው 60 ሳንቲም። እንጀራውን ተዉት፣ ማሞቂያውንና ኤሲውን ተመልከቱ።

ከፋዩ ጋ የሚደርሰው አንድ ፉክክር አለ፤ እሱም በር የሚያንኳኳው ነው። በሜሪላንድና በዲሲ ሽቦው የፔፕኮ ሆኖ ኃይሉን ከሌላ ሻጭ መግዛት ይቻላል። እኛ ሕንፃ ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጎረምሳ መጣ። «ቅናሽ ይገባዎታል፣ ቢልዎን ያሳዩኝ» አላቸው ጎረቤቴን እትዬን። እሳቸው ሰው ያምናሉ፣ ቡናም አቅርበውለታል። ቢሉ ላይ ያለውን የደንበኛ ቁጥር ገልብጦ ሄደ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ረከሰ። ከዚያ የኃይሉ ዋጋ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የድርጅቱን ስም አላነሳም፣ እንደሱ ያሉ ብዙ ናቸው። አንድ ላይ ደውለን አሰረዝነው። ሜሪላንድ በ2024 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ ከጥር 2025 ጀምሮ ተራውን (አረንጓዴ ያልተባለውን) ኃይል ለቤት የሚሸጡ ሁሉ ከሽቦው ድርጅት መደበኛ ዋጋ የአሥራ ሁለት ወር አማካይ በላይ ማስከፈል አይችሉም። ጥሩ ሕግ ነው። እኔ አሁንም ቢሌን በር ላይ ለማንም አላሳይም። ደግሞ አስቡት፣ ኤሌክትሪኩ ያው ነው፣ ሽቦው ያው ነው፣ ሲጠፋም የሚመጣው መኪና ያው የፔፕኮ ነው።

አሁን ወደ ሥራው።

ፔፕኮ የሽቦ ድርጅት ነው። ኃይል ማመንጫዎቹን የሸጠው ድሮ ነው፣ በ2000 አካባቢ። ስለዚህ ሥራው ሰብስቴሽን፣ መስመር፣ ኬብል፣ ቆጣሪ፣ ደንበኛ አገልግሎትና ቢሮ ነው። ከመጋቢት 2016 ጀምሮ ባለቤቱ የቺካጎው ኤክሰሎን ነው። ኤክሰሎን ስድስት እንደዚህ ያሉ ድርጅቶች አሉት፤ ቢጂኢና ዴልማርቫ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። አንዴ ከገባችሁ ባልቲሞርም ፊላደልፊያም ክፍት ቦታ ሲወጣ የምታመለክቱት እንደ ውስጥ ሰው ነው። የእጅ ሠራተኛው ዩኒየን፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበር፣ አለው፤ አይቢኢደብሊው ሎካል 1900። ደመወዙ በደረጃ የተጻፈ ነው፣ አለቃው ወደዳችሁ አልወደዳችሁ ደረጃው ሲደርስ ይጨመራል። ይሄ ለእኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ደመወዝ መደራደር እናፍራለን፤ እዚህ ዩኒየኑ ይደራደርላችኋል።

የፔፕኮ ሥራ የከተማ ሥራ ነው። ዲሲ መሐል ከተማው በአብዛኛው በመሬት ውስጥ ኬብል ነው የሚሠራው። አሁን ደግሞ ዲሲ ፕላግ በሚባለው ፕሮጀክት፣ ከከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጋር፣ በነፋስ የሚቸገሩትን የላይ መስመሮች ወደ ታች እያወረዱ ነው። ይህ ማለት ለብዙ ዓመት ሥራ አለ። ግን ነሐሴ ላይ ማንሆል ውስጥ መግባት ምን እንደሆነ ጠይቁኝ። ከፍታ የሚፈራ ሰው ደስ ይለዋል፣ ጠባብ ቦታ የሚፈራ አያመልክት።

ዶሚኒየን ሌላ ዓይነት ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሪችመንድ ነው። ከሽቦው ሌላ ኃይል ያመነጫል። ኖርዝ አናና ሰሪ ላይ የኑክሌር ጣቢያዎች አሉት። ቨርጂኒያ ቢች ፊት ለፊት፣ ባሕሩ ላይ፣ 176 የነፋስ ተርባይኖች ያሉት 2,600 ሜጋዋት የሚደርስ ፕሮጀክት ይዟል። ይሄ ማለት ሕዳሴን ግማሽ ያህል ማለት ነው፣ በነፋስ። ስለዚህ ከአምስት ኪሎም ሆነ ከባሕር ዳር በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቃችሁ ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት የምትቆርጡ ካላችሁ፣ እኔ ወደ ዶሚኒየን ነው የማያችሁ። ፓወር ሲስተም፣ ፕሮቴክሽን፣ ትራንስሚሽን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ዳታ ሴንተሮቹን የሚያገናኘው ሥራ በቶሎ አያልቅም። ዲግሪያችሁን አስገምግሙ፣ ከዚያ ኤፍኢ የሚባለውን የኢንጂነሮች ፈተና ውሰዱ።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ቨርጂኒያ የዩኒየን መዋጮ መክፈል በግዴታ የማይሆንባት ስቴት ናት። እዚያም አይቢኢደብሊው አለ፣ ሎካል 50፤ ግን አባልነቱ በፈቃድ ነው። ሁለተኛው ርቀቱ ነው። ጥሩ ጥሩው የኢንጂነር ቦታ ብዙ ጊዜ ሪችመንድ ነው። ቤተሰብ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ እቁብ፣ ሁሉ ነገራችሁ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ስካይላይን አካባቢ ከሆነ ሚስትዬዋን ቀድማችሁ አማክሩ።

ገንዘቡን በተመለከተ የአገሪቱ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የላይንማኖችን፣ ማለትም የመስመር ሠራተኞችን፣ መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ ለግንቦት 2024 ያወጣው 92,560 ዶላር ነው። ኦቨርታይም ሲጨመር ከዚህ የሚያልፉ ብዙ ናቸው። ሥራው ግን በአሜሪካ አደገኛ ከሚባሉት ተርታ ነው፣ ይሄን ሳትደብቁ ለቤተሰብ ንገሩ።

ልጆቻችን የሚወድቁት ኢንተርቪው ላይ አይደለም። ብዙዎቹ ድርጅቶች ለእጅ ሥራ የሚሰጡት ካስት የሚባል ፈተና አለ። ስዕል አይቶ ማስላት፣ ሒሳብ፣ የመካኒክ ጽንሰ ሐሳብና አንብቦ መረዳት ነው። ሒሳቡ ከባድ ሆኖ አይደለም። ኢንች ነው ችግሩ። በሜትር ላደገ ሰው «ሰባት ስምንተኛ ኢንች» ከ«አሥራ አንድ አሥራ ስድስተኛ» ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚለው በሰከንድ አይመጣም። ሆም ዲፖ ሄዳችሁ ኢንች የተጻፈበትን መለኪያ ግዙ፣ ቤታችሁን ለኩ። ሲዲኤልም፣ ማለትም የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ አውጡ። የጭነት መኪና የምትነዱት ከሆናችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። የዲሲ ነዋሪ የሆነ ሰው ደግሞ ሙያ የሚያሠለጥነውን የዲሲ ኢንፍራስትራክቸር አካዳሚ ይጠይቅ፤ ከተማው በ2018 የከፈተው ነው፣ ፔፕኮና ዋሽንግተን ጋዝም አብረውበታል።

በኮንትራክተር በኩል ግቡ የሚሏችሁ አሉ። እኔ እዚያው ነኝ፣ ስለዚህ ልናገር። መግባቱ ቀላል ነው፣ ሥራውም ያው ነው። ነገር ግን ውሉ ሲያልቅ እናንተም ታልቃላችሁ። አንዱ የሠራሁበት ድርጅት በገና ሰሞን ሌይ ኦፍ ያደርገን፣ ማለትም ከሥራ ያሰናብተን ነበር፤ በፀደይ ይጠራናል። እንደ መግቢያ በር ይሁንላችሁ፣ እንደ ቤት ግን አትቁጠሩት።

ዋሽንግተን ጋዝ የወንዙ ግራና ቀኝ የምታገኙት እሱ ነው፤ ዲሲም፣ ሜሪላንድም፣ ቨርጂኒያም። በ1848 ኮንግረስ ፈቅዶለት የተቋቋመ ነው፤ ከ2018 ጀምሮ ባለቤቱ አልታጋዝ የሚባል የካናዳ ድርጅት ነው። ሠራተኞቹ ቲምስተርስ ሎካል 96 በሚባል ዩኒየን ውስጥ ናቸው። ከፔፕኮ ጋር በእውነት የሚፎካከረው እሱ ነው፣ ለቤታችሁ ሙቀት። ወጡ በጋዝ ይሠራል፣ እንጀራው በኤሌክትሪክ። ማሞቂያው ወደ ማን ይሂድ ነው ፀቡ። ሜሪላንድም ዲሲም ለ2045 የካርበን ልቀትን ዜሮ የማድረስ ዕቅድ አላቸው፤ ያ ዕቅድ ከጋዝ ጋር ብዙ አይዋደድም። አሁን የዱሮ ቧንቧ የመቀየር ሥራ ሞልቷል። ስለዚህ 45 ዓመት የሞላው ሰው «ጋሼ፣ ጋዝ ልግባ?» ቢለኝ ግባ እለዋለሁ። የ20 ዓመት ልጅ ቢጠይቀኝ ኤሌክትሪኩን እለዋለሁ።

እጃችሁ ሥራ ለሚወድ፣ ከዚሁ ከሰፈራችሁ መራቅ ለማትፈልጉት ፔፕኮ። ማመልከቻውን ስትሞሉ በማዕበል ጊዜ ሌሊትም በዓልም ለመጠራት ፈቃደኛ መሆናችሁን ይጠይቃችኋል። የእኛ ፋሲካ ከፈረንጆቹ ስለሚለይ «በዓሌ ነው» ብትሉ አይገባቸውም። ዕረፍቱን አስቀድማችሁ አስይዙ፣ ጥያቄው ላይ ግን አዎ በሉ። እምቢ ለማለት ያሰበ ሰው ከመስመር ሥራው ይልቅ የቢሮውን ክፍት ቦታ ቢያይ ይሻለዋል።